መጀመሪያ ዕጢው ይጠየቅ!

እ.ኤ.አ. በጁን 2022 አንድ ዜና ዓለምን አዳረሰ። ኒውዮርክ በሚገኘው የሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የፊንጢጣ ካንሰር ያለባቸው 12 ሰዎች ዶስታርሊማብ የሚባል መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ለስድስት ወር ተሰጣቸው። ስድስቱ ወር ሲያበቃ ሐኪሞቹ ዕጢውን ፈለጉት፤ አጡት። በጣት ዳሰሳ የለም፣ በካሜራ የለም፣ በኤምአርአይ የለም። የአሥራ ሁለቱም! ቀዶ ሕክምና ሳይደረግላቸው፣ ጨረር ሳይነካቸው፣ ኬሞ ሳይወስዱ። ዜናው በየቋንቋው ተተረጎመ፤ በየማኅበራዊ ገጹ ተቀባበሉት፤ “የካንሰር መድኃኒት ተገኘ” ተብሎ እልል ተባለ።

እልልታውን አንቃወምም። የሚያስደስት ነገር ላይ ፊት የሚያጠቁር ሰው አይደለንም። የምንቃወመው የተዘለለችውን ዓረፍተ ነገር ነው። እነዚያ 12 ሰዎች ከመንገድ የተለቀሙ አልነበሩም። ዕጢያቸው ተመርምሮ አንድ የተለየ የዘረ-መል ጉድለት ስለተገኘበት ነው የተመረጡት። ይህ ጉድለት ያለው የፊንጢጣ ካንሰር ከመቶው ከ5 እስከ 10 ቢሆን ነው። ለቀሪዎቹ 90 እና ከዚያ በላይ ሕመምተኞች ያ መድኃኒት እንዲያ ያለ ተአምር አይሠራም።

ጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ገብተን በመጀመሪያው ሳምንት የተማርነው ስድስቱን ጥያቄዎች ነው፦ ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት። የካንሰር ዜና ላይ ግን ሰባተኛ ጥያቄ ያስፈልጋል፦ ለማን? ይቺን ጥያቄ የዘለለ ዜና የታመመውን ሰው ያሳስተዋል፤ ቤተሰቡንም ላልሆነ ወጪ ይዳርጋል። መልሱ ያለው ደግሞ ጋዜጠኛው ዘንድ፣ ፋርማሲው ዘንድ ወይም ውጭ አገር ያለው ዘመድ ዘንድ አይደለም። ዕጢው ዘንድ ነው። እኛም ዛሬ የምንለው አንድ ነገር ነው፤ ለአንጀት ካንሰር ውድ መድኃኒት ከመገዛቱ በፊት መጀመሪያ ዕጢው ይጠየቅ!

አንድ ስም፣ ብዙ በሽታ

የአንጀት ካንሰር ስንል የትልቁን አንጀትና የፊንጢጣን ካንሰር ማለታችን ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ከ1.9 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ ተይዘዋል፤ ከ900 ሺህ በላይ ሞተዋል። “የፈረንጅ በሽታ ነው” ለምትሉ ደግሞ፣ የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ በወንዶች ላይ በብዛት ከሚመዘግባቸው ካንሰሮች አንዱ ይኸው ነው። ሆድ ሲታመም እኛ ሰፈር መልሱ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነው። “አሜባ ነው”፤ “ጃርዲያ ነው”፤ ደም ከታየ “ኪንታሮት ነው”። እንዲህ እየተባለ ወራት ይነጉዳሉ። (ሰገራ ላይ ደም አይታችሁ ዝም ያላችሁ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ አቁሙትና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጽሑፉ የትም አይሄድም።)

እሺ፣ ሐኪም ዘንድ ተደረሰ። ኮሎኖስኮፒ ተደረገ፣ ናሙና ተወሰደ፣ “ካንሰር ነው” ተባለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ምርመራው ያለቀ ይመስለዋል። ገና መጀመሩ ነው! የሁለት ሰዎች የአንጀት ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሲታይ መንትያ ሊመስል ይችላል። ውስጡ ያለው የዘረ-መል ስህተት ግን የተለያየ ነው። ለአንዱ ዕድሜ የሚጨምር መድኃኒት ለሌላው የብር ማቃጠያ ነው። አንዳንዴም ዕድሜ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንለይ። ዘረ-መል ሲባል ለብዙ ሰው የሚመጣለት ከአባት ከእናት የሚወረስ ነገር ነው። አሁን የምናወራው ግን ስለ ዕጢው ስለ ራሱ ነው። ሕዋስ በሕይወት ዘመኑ ሲባዛ ይሳሳታል፤ ስህተቱ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻ ሕዋሱ ሥርዓት ጥሶ መባዛት ይጀምራል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ስህተት ዕጢው ውስጥ ብቻ የሚገኝ ነው፤ ለልጅ አይተላለፍም። የሚተላለፍም አለ፤ እንመጣበታለን።

ቆጣሪው ተቆርጦ መብራቱ ለምን አልጠፋም?

ስለ ሴቱክሲማብ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? የዚህ መድኃኒት ዝና የጀመረው ገና ሳይፈቀድ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 የፈቃድ ማመልከቻውን ሳይቀበለው ቀረ። የኩባንያው ኃላፊ ሳም ዋክሳል ይህን ቀድሞ ሰምቶ ዘመዶቹ አክሲዮን እንዲሸጡ ስላደረገ እ.ኤ.አ. በ2003 ከሰባት ዓመት በላይ እስራት ተፈረደበት። ዝነኛዋ የቴሌቪዥን ሰው ማርታ ስቱዋርትም የራሷን አክሲዮን ስለሸጠችበት ሁኔታ ለመርማሪዎች ዋሽታለች ተብላ እ.ኤ.አ. በ2004 አምስት ወር ልትታሰር ወህኒ ወረደች። መድኃኒቱ በዚያው ዓመት በፌብሩዋሪ ተፈቀደ። ዋጋው በወር ወደ 10 ሺህ ዶላር ነበር።

ስለ አክሲዮኑ ያልተጠየቀ ሰው የለም። ዕጢው የተጠየቀው ግን የተሳሳተ ጥያቄ ነበር። ለምን እንደሆነ ለመረዳት አሠራሩን እንይ።

የሕዋሱ ገጽ ላይ ኢጂኤፍአር የሚባል መልእክት ተቀባይ አለ። ከውጭ “ተባዛ” የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ይቀበልና ወደ ውስጥ ያስተላልፋል። ትእዛዙን ውስጥ ለውስጥ ከሚያሻግሩት አንዱ ኬራስ የሚባል ፕሮቲን ነው። ሴቱክሲማብ ተቀባዩ ላይ ቁጭ ይልና መልእክቱን ያግዳል። ግቢያችሁን አስቡት። ኢጂኤፍአር ቆጣሪው ነው፤ ኬራስ ደግሞ ከቆጣሪው ወደ ቤት የሚገባው መስመር። ቆጣሪው ከተቆረጠ ቤቱ ይጨልማል። አንድ ብልጥ ሰው ግን ቆጣሪውን ዘሎ ከምሰሶው በቀጥታ ቀጥሎ ቢሆንስ? ቆጣሪውን መቶ ጊዜ ቁረጡት፤ መብራቱ ቦግ ብሎ ያድራል። ኬራስ ላይ ሚውቴሽን ያለበት ዕጢ ማለት ይህ ነው። ከውጭ ትእዛዝ መጣ አልመጣ ደንታ የለውም፤ ሁልጊዜ በርቷል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዕጢው ይጠየቅ የነበረው “ቆጣሪ አለህ ወይ?” ተብሎ ነበር። አለኝ ካለ መድኃኒቱ ይታዘዛል። ከቆጣሪው በኋላ ያለውን መስመር የሚያይ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳና በአውስትራሊያ ከተካሄደ ጥናት የተቀመጡ 394 የዕጢ ናሙናዎች ወጥተው ኬራሳቸው ታየ። ከመቶው 42ቱ ሚውቴሽን ነበረባቸው። ኬራሳቸው ጤነኛ ከሆነው መካከል ሴቱክሲማብ የወሰዱት ግማሾቹ 9.5 ወርና ከዚያ በላይ ሲኖሩ፣ ያልወሰዱት 4.8 ወር ነበር። ጊዜው ወደ እጥፍ ተጠጋ ማለት ነው። ኬራሳቸው ሚውቴሽን ያለበትስ? የወሰዱት 4.5 ወር፣ ያልወሰዱት 4.6 ወር። ምንም! ያተረፉት ነገር ቢኖር ፊትና ደረት ላይ የሚወጣውን፣ የመድኃኒቱ ጠባይ የሆነውን ሽፍታ ነው። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት የመድኃኒቱን መመሪያ የቀየረው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2009 ነው። ከ2004 እስከዚያ ድረስ ስንት ቤተሰብ ላይሠራ ለሚችል መድኃኒት ጥሪቱን እንዳሟጠጠ እናንተው ገምቱ።

ይህ ብቻ ቢሆን “ገንዘብ ነው የባከነው” ብለን እናልፈው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ግን የባሰውን አሳየ። ፓኒቱሙማብ የሚባለው የሴቱክሲማብ ወንድም ከኬሞ ጋር ሲሰጥ፣ ኬራስ ወይም ዘመዱ ኤንራስ ላይ ሚውቴሽን ያለባቸው ሰዎች አጋማሽ ዕድሜ 15.6 ወር ሆነ። ኬሞውን ብቻ የወሰዱት ግን 19.2 ወር። ልብ በሉ፤ ውዱን መድኃኒት የጨመሩት ቀድመው ሞቱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ የፈሰሰው አይለቀምም።

ከዚህ ሌላ ቢራፍ የሚባል ዘረ-መል አለ። ከመቶ ሕመምተኛ ከ8 እስከ 10 የሚሆኑት ላይ ይበላሻል፤ የዚህ ዓይነቱ ካንሰር ጨካኝ ነው። ለእሱም እ.ኤ.አ. በ2020 ኢንኮራፌኒብ የሚባል መድኃኒት ከሴቱክሲማብ ጋር ተጣምሮ እንዲሰጥ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ከመቶው 3 ያህሉ ላይ የሚታየው ኬራስ ጂ12ሲ የሚባለው ሚውቴሽንም፣ ለዓመታት “መድኃኒት አይበግረውም” ሲባል የኖረው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 እና በ2025 የራሱ መድኃኒቶች ተፈቅደውለታል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ይረዝማል። ጥያቄው ግን አንድ ነው፦ ለማን?

አራሚ የሌለው ጋዜጣ

ወደ አሥራ ሁለቱ ሰዎች እንመለስ። የእነሱ ዕጢ ምን ነበረበት?

ሕዋስ ሲባዛ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የዘረ-መል ፊደላትን ይገለብጣል። ስህተት አይጠፋም፤ ስለዚህ ሰውነታችን አራሚዎች አሉት። ዋናዎቹ አራት ፕሮቲኖች ናቸው፦ ኤምኤልኤች1፣ ኤምኤስኤች2፣ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2። ጋዜጣ ቤት የሠራ ሰው አራሚ የቀረ ዕለት ምን ዓይነት ጋዜጣ እንደሚወጣ ያውቃል። ከአራቱ አንዱ ሥራ ሲያቆም የሕዋሱ ጽሑፍ በሺህ በሚቆጠር ግድፈት ይሞላል። ካንሰሩም የሚነሳው ከዚህ ግድፈት ነው።

ነገር ግን ይህ ግድፈት ለካንሰሩም ጣጣ ነው። የሰውነታችን ጥበቃ፣ ማለትም ነጭ የደም ሕዋሳት፣ የማያውቁትን ነገር ማጥቃት ነው ሥራቸው። በግድፈት የተሞላ ዕጢ ደግሞ ባዕድ ይመስላቸዋል። ዕጢው ይህን ስለሚያመልጥ የጥበቃዎቹን ፍሬን ይይዛል። እነ ፔምብሮሊዙማብ፣ ኒቮሉማብና ዶስታርሊማብ የሚሠሩት ይህን ፍሬን መልቀቅ ነው። ፍሬኑ ሲለቀቅ ጥበቃው ዕጢውን ይበላዋል። አራሚዎቹ ጤነኛ የሆኑበት ዕጢ ግን ግድፈቱ ጥቂት ነው፤ ጥበቃው የራሱ ሰው መስሎት ያልፈዋል። ፍሬኑን ብትለቁትም ብዙ ጊዜ ምንም አይፈጠርም።

ከመቶ የአንጀት ካንሰር 15 ያህሉ አራሚው የጠፋበት ነው። በሽታው ወደ ጉበትና ወደ ሌላ ቦታ ከተሠራጨባቸው ሰዎች መካከል ግን ወደ 5 ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ፔምብሮሊዙማብን “ይህ ጉድለት ይኑር እንጂ ዕጢው የትኛውም የሰውነት ክፍል ላይ ይሁን” ብሎ ፈቀደ፤ መድኃኒት በዕጢው ቦታ ሳይሆን በዘረ-መሉ ሲፈቀድ ያ የመጀመሪያው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 307 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት ደግሞ፣ በሽታው ሳይባባስ የሚቆይበት አጋማሽ ጊዜ በኬሞ 8.2 ወር፣ በፔምብሮሊዙማብ 16.5 ወር መሆኑን አሳየ። የኒውዮርኮቹም ቁጥራቸው ጨምሯል። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣው ሪፖርት ሕክምናውን የጨረሱት 49 የፊንጢጣ ካንሰር ሕመምተኞች ሁሉ ዕጢያቸው ጠፍቷል። 49 ከ49!

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀውን እንንገራችሁ። አራሚዎቹ መኖራቸውን ለማወቅ የጠፈር መሣሪያ አያስፈልግም። ከዕጢው ላይ የተቆረጠ ስስ ናሙና በአራት ዓይነት ማቅለሚያ ይቀለምና በማይክሮስኮፕ ይታያል። ቀለም የያዘው ፕሮቲን አለ፤ ያልያዘው የለም። ለጡት ካንሰር ሕመምተኞች የሆርሞን ተቀባይ የሚመረመርበት ዘዴም ይኸው ነው።

“ባደረባቸው ሕመም”

የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። የት ተወለዱ፣ የት ተማሩ፣ ስንት ልጅ ወለዱ፤ ከዚያ “ባደረባቸው ሕመም በአገር ውስጥና በውጭ አገር በሕክምና ሲረዱ ቆይተው…”። የምን ሕመም? ዝም። ካንሰር የሚለውን ቃል የሚያነብ የለም። ቤት ውስጥም ያው ነው። “እማዬ፣ አያቴ በምን ሞተች?” “በሆዷ።” አለቀ! በሆድ የሞተች አያት፣ በሆድ የሞተ አጎት፣ “በማኅፀን” የሞተች አክስት፤ ሦስቱን የሚያገናኛቸው የለም።

እንመጣበታለን ያልነው የሚወረሰው ዓይነት እዚህ ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ1895 በአሜሪካ ሚሺጋን፣ አን አርበር ውስጥ አልድሬድ ዋርቲን የሚባል የፓቶሎጂ ሐኪም አንዲት ልብስ ሰፊ አነጋገረ። ሴትዮዋ አዝናለች። ቤተሰቧ በአንጀትና በማኅፀን ካንሰር እንዳለቀ፣ እሷም በወጣትነቷ እንደዚያው እንደምትሞት ነገረችው። ዋርቲን አልሳቀባትም፤ የዘር ሐረጓን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1913 አሳተመው። ሴትዮዋም እንዳለችው በለጋ ዕድሜዋ በማኅፀን ካንሰር ሞተች። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በነብራስካ፣ ኦማሃ የነበረው ሐኪም ሄንሪ ሊንች እንዲህ ያሉ ቤተሰቦችን እየፈለገ መዘገበ። “በዘር አይደለም፣ በአካባቢ ነው” ሲሉት አልተመለሰም። ዛሬ በሽታው በስሙ ሊንች ሲንድረም ይባላል። የመጀመሪያው ተጠያቂ ዘረ-መል ኤምኤስኤች2 የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። አዎ፣ ከአራቱ አራሚዎች አንዱ!

ከመቶ የአንጀት ካንሰር 3 ያህሉ ከዚህ የሚመጣ ነው። ስህተቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ስለዚህ የአራሚዎቹ ምርመራ የሚናገረው ስለ ታማሚው ብቻ አይደለም። ዕጢው ላይ ኤምኤስኤች2 ከጠፋ ልጆቹም፣ እህት ወንድሞቹም መጠየቅ አለባቸው። ኤምኤልኤች1 ከጠፋ ደግሞ ቢራፍ ይታያል፤ ቢራፍ ላይ የታወቀው ሚውቴሽን ካለ ነገሩ በአብዛኛው የሚወረስ ዓይነት አይደለም፤ ቤተሰቡ ያለ ሥጋት ይተኛል። ፊንላንዶች ሊንች ያለባቸውን ቤተሰቦች ለ15 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳሳተሙት፣ በየሦስት ዓመቱ ኮሎኖስኮፒ የተደረገላቸው ሰዎች በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከግማሽ በላይ ቀንሷል። ሞት ይቀራል ማለት እኮ ነው! “በሆዷ” ተብላ የታለፈችው አያት ታሪክ በትክክል ቢነገር የልጅ ልጅ ይተርፋል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ አባቶች ስለ ሊንች ሲንድረም አልነበረም የሚያወሩት። ግን ከዚህ የበለጠ የሚገጥምበት ቦታ አላገኘንም።

“ቅንጦት ነው” ለምትሉን

ይህን ስንል የሚመጣብንን እናውቃለን። “ልጆች፣ ቀስ በሉ። ለቀዶ ሕክምና ወረፋ በሚጠበቅበት፣ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ በነበረበት አገር የምን የዘረ-መል ምርመራ ነው? ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው።”

ግማሹን እንቀበላለን። ቀዶ ሕክምና ይቅደም። በጊዜ የተደረሰበትን የአንጀት ካንሰር ከሁሉ በፊት የሚያድነው የቀዶ ሐኪም እጅ ነው። ግማሹን ግን አንቀበልም። ሀብታም አገር በግምት መድኃኒት ቢሰጥና ባይሠራ ሌላ ይሞክራል። የእኛ ቤተሰብ የሚሸጥ ቤት ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሜሪላንድ ያለው ዘመድ ጎፈንድሚ የሚከፍተው አንድ ጊዜ ነው። ዕቁቡም፣ ዕድሩም፣ የመሥሪያ ቤት መዋጮውም አንዴ ነው። ታዲያ መሳሳት የማይችለው ማን ነው? ምርመራው ቅንጦት ከሆነ፣ ሳይመረመሩ ውድ መድኃኒት መግዛት ምን ሊባል ነው?

“ቢታወቅስ? መድኃኒቱ የለ” የሚሉም አሉ። መልሱ ራሱ መድኃኒት ነው። ኬራስ ላይ ሚውቴሽን እንዳለበት ያወቀ ቤተሰብ ለሴቱክሲማብ ቤት አይሸጥም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ዕጢው ወደ ንፍፊት ያልተዛመተና አራሚው የጠፋበት ሰው ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብቻውን በሚሰጠው የተለመደው ኬሞ፣ ፍሎሮዩራሲል፣ አይጠቀምም። ይህ ሰው ወራት ሙሉ ከማስታወክና ከአፍ ቁስል ሊተርፍ ይችላል። የዳነው ምንም ውድ መድኃኒት ሳይገዛ በአራት ማቅለሚያ ነው! ለመንግሥትም ቢሆን፣ ስንት እንዲህ ያለ ሕመምተኛ እንዳለው ያልቆጠረ አገር በመድኃኒት ዋጋ ላይ ምን ይዞ ይደራደራል? ሲኤምኤል የሚባለውን የደም ካንሰር ተመልከቱ። ግሊቬክ አንድ የታወቀ የዘረ-መል ስህተት ላይ ያነጣጠረ መድኃኒት ነው፤ ዋጋውም የሚቀመስ አልነበረም። ሆኖም በእርዳታ ፕሮግራም በኩል በጥቁር አንበሳ በነፃ ሲሰጥ ቆይቷል። ማን እንደሚያስፈልገው ስለታወቀ ነው።

“መሣሪያው የለም” ለሚሉም አንድ ነገር እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ የኮሮና ናሙና ከኢትዮጵያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሚላከው። በጥቂት ወራት ውስጥ ፒሲአር በየክልሉ ተተከለ፤ ቃሉን እናቶቻችን ሳይቀሩ ለመዱት። የኬራስና የቢራፍ ሚውቴሽንም በፒሲአር ሊመረመር ይችላል። መሣሪያው ብቻውን አይበቃም፤ ኬሚካሉ፣ ዶላሩና የሠለጠነው ሰው ያስፈልጋሉ። ናሙናውም ከሰውነት ሲወጣ በአግባቡ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ ያለዚያ ዘረ-መሉ ይበላሽና የሚመረመር ነገር አይኖርም። ግን ስንፈልግ እንደምንችል አይተናል። እዚሁ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ በፓራፊን የተያዘው የዕጢ ናሙና ለዓመታት ስለማይበላሽ ተልኮ ሊመረመር ይችላል። አውራ ጣት የምታህል ብሎክ ወደ ውጭ መላክ ይቀላል ወይስ ታማሚን ከሁለት አስታማሚ ጋር ወደ ባንኮክ?

አንዱን ደግሞ ሳንሸፋፍን እንናገር። የዘረ-መል ምርመራ የምሥራች ብቻ ይዞ አይመጣም። ግማሽ ያህሉ ሕመምተኛ የሚሰማው “ይህ መድኃኒት ለእርስዎ አይሆንም” የሚል ነው። የብዙዎቹ መድኃኒቶች ትርፍም በወራት የሚቆጠር ነው። ቢሆንም እውነቱን ያወቀ ሰው ቀሪ ጊዜውንና ቀሪ ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል ራሱ ይወስናል። ሳይነገረው ሌላ የሚወስንለት ለምንድን ነው?

ታዲያ ምን ይደረግ?

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አብዛኞቻችሁ ጤነኛ ወጣቶች ናችሁ። ግን በየቤቱ ስልክ የያዘው፣ እንግሊዝኛውን የሚያነበው፣ አባባን ይዞ ሆስፒታል የሚሄደው እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ሦስት ነገር በአክብሮት ጠይቁ። አንደኛ፣ የአራሚ ፕሮቲኖቹ ምርመራ ተሠርቷል ወይ? ሁለተኛ፣ በሽታው የተሠራጨ ከሆነና እነ ሴቱክሲማብ ከታሰቡ፣ ራስና ቢራፍ ታይተዋል ወይ? ሦስተኛ፣ የዕጢው ብሎክ የት ነው የተቀመጠው? ሐኪሙ ላይ አትጩኹ። በቀን ስንት ሰው እንደሚያይ እናውቃለን፤ ምርመራውን ያላዘዘው ላቦራቶሪ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን ይደጋገም። ማንም የማይጠይቀውን ምርመራ ማንም አያስገባውም።

የሙያ ባልደረቦቻችን ጋዜጠኞች ሆይ፣ “የካንሰር መድኃኒት ተገኘ” ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት “ለማን?” የምትለዋን ጨምሩልን። ቦታ አትፈጅም፤ ሦስት ፊደል ናት። የሆስፒታልና የጤና ጥበቃ ኃላፊዎች ደግሞ፣ ከአንጀት ካንሰር ጋር የሚመጣ እያንዳንዱ ናሙና ቢያንስ በአራቱ ማቅለሚያ እንዲታይ ማድረግን በዕቅድ ያዙት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የአንጀት ካንሰር ሕመምተኛ የአራሚዎቹ ምርመራ እንዲደረግ መመሪያ አውጥታለች። እኛም ከዚያ እንጀምር፤ ከሁሉ ርካሹና ለቤተሰብ የሚተርፈው እሱ ነው።

ለዛሬው ማታ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ። እራት ላይ ስትቀመጡ ጠይቁ፦ አያታችን በምን ሞቱ? “በሆዳቸው” ከተባላችሁ አትተዉ። በስንት ዓመታቸው? ወንድምና እህቶቻቸውስ? ጻፉት። ዋርቲን የጀመረው በወረቀትና በእርሳስ ነበር።

ቸር እንሰንብት!